እባብ የነደፈው ሰው ወዴት ይሂድ?

ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ እንጅባራ በምትባለው በቆሰበር ደጋ ብርዱ ስለሚጸና መርዘኛ እባብ የሚያጋጥመው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከዚያው ከአዊ ምድር ወደ ጃዊ ቆላ፥ አልፎም ወደ ቋራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። እርሱም በክፍት ጫማ በሣር ውስጥ ይውላል፤ ሌሊትም በመሬት ላይ ይተኛል። በደጋ ሩቅ የነበረው አደጋ በቆላ ቅርብ ይሆንበታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል፤ በ2009 ዓ.ም.ም ይህን ጉዳት ቸል ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ጋራ ቈጥሮታል።

እኔም ይህን የምጽፈው ያለ ጸጸት አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በቆላ አገር ሳገለግል አንድ አባት እባብ የነደፈውን እረኛ ልጁን ተሸክሞ መጣና «አባቴ፥ በጠበሉ ላቆየው ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰደው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «በእምነት ቆይ» አልሁት። ስንጸልይ አደርን፤ ሲነጋ እግሩ እስከ ጭኑ አብጦ ነበር። ሐኪም ቤት ደርሶ ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ተቈረጠ። አባትዮው እምነት አልጐደለውም፤ ማስተዋል የጐደለኝ እኔ ነበርሁ።

«ቅዱስ ጳውሎስን በመላጥያ ደሴት እፉኝት ይዛው አልጎዳችውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ጭራሮ ሲሰበስብ ሳያስብ አገኘችው እንጂ ሊፈትናት አልሄደም፤ ባለ መድኃኒቱን ሉቃስንም ከአጠገቡ አላራቀም። ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲያባብለው የጠቀሰው መዝሙር 90ን ነው፤ ቀጥሎ ያለውን እባብ ስለ መርገጥ የሚናገረውን ቃል ግን ውርደቱ ስለሆነ ዘለለው። ጌታችንም በተስፋው አመካኝቶ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ አስተማረን። ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ይመክራል።

«ሥር አዋቂ አድኗል» የሚልም አለ። እባብ ሁሉ መርዘኛ አይደለም፤ መርዘኛውም ነድፎ አንዳንድ ጊዜ መርዝ አይለቅም። ስለዚህ የዳነው ሁሉ በሥሩ ዳነ አይባልም፤ መርዝ የገባበት ግን በመዘግየት ይጠፋል።

እንግዲህ ወደ ቆላ የሚወርደውን ልጅ ቦት ጫማና የእጅ ባትሪ አስይዙት። የተነደፈውን አረጋጉት፤ ቀለበትና አምባሩን አውልቁለት፤ እግሩን እንደ ተሰበረ አጥንት ደግፋችሁ ሳታስረግጡት፥ የመርዝ ማርከሻ ወዳለበት ሐኪም ቤት ፈጥናችሁ ተሸክማችሁ አድርሱት። ቁስሉን አትብጡ፤ በአፍ አትምጠጡ፤ በገመድ አታጥብቁ፤ እባቡንም ለመያዝ አትከተሉ።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ ያ ጥያቄ ወደ እናንተም ይመጣል። ያን ጊዜ «ፈጥነህ ውሰደው፤ እኔም እየጸለይሁ አብሬህ እሄዳለሁ» በሉት። ጸሎት መንገድ ላይም ይሰማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።