አንዱ ሰው በ75,219 መካከል

በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው 3ኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ መሠረት የነቀምቴ ከተማ ነዋሪ ሕዝብ 75,219 ነበር፤ ወንዶች 38,385፣ ሴቶች 36,834። ከዚህ ቁጥር በመነሣት ላቀርበው የምሻው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ ለመሆኑ አንድ ሰው በብዙኃን መካከል ምን ያህል ይመዝናል?

በብዙ ሺህ ድምር ውስጥ አንድ ሰው ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ለውጥ አያመጣም የሚለው እምነት በመካከላችን ሥር የሰደደ ነው። ሪፖርት ስናዘጋጅ «75 ሺህ ገደማ» እንላለን፤ 219 ሰዎች በአንዲት «ገደማ» ተውጠው ይቀራሉ። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ሰፊውን ሕዝብ ከመጋረጃ ጀርባ በኅብረት የሚጮኽ፣ ስምና ፊት የሌለው ድምፅ ያደረግነው ስንት ጊዜ ነው!

እስቲ ቁጥሩን ራሱን እንመርምረው። 75,219 ጎዶሎ ነውና ለሁለት እኩል አይከፈልም። አሐዞቹ ሲደመሩ 24 ስለሚሆኑ ለ3 ይካፈላል፤ ድርሻው 25,073 ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይዘጋል። 25,073 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ የሂሳብ መምህራን ብቸኛ ቁጥር የሚሉት ዓይነት ነው። (ከ25 ሺህ በላይ ሆኖ ብቸኛ መባል! ስሙን ያወጣለት ሰው ባለቅኔ ሳይሆን አይቀርም።) 159 በራሱ ሲባዛ 25,281 ስለሚሆን፣ ከ158 የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው እንኳ የዚያ አካፋይ ጓደኛ የግድ ከ159 ያንሳል። ስለዚህ እስከ 157 ባሉት 37 ብቸኛ ቁጥሮች ተራ በተራ አካፍሎ ማየት ይበቃል። በእርሳስና በወረቀት አንድ ምሽት ወሰደብኝ፤ በሁሉም ቀሪ አለ።

በቆጠራው ማግስት በከተማይቱ አንድ ሕፃን ብቻ ተወለደ እንበል። ድምሩ 75,220 ይሆናል፤ ለ2፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ10፣ ለ20 ይካፈላል፤ ለ3 ግን ፈጽሞ አይካፈልም። በአንጻሩ አንድ አዛውንት ቢያርፉ 75,218 ይሆናል፤ ይህም ለሁለት እኩል ይከፈላል፣ ለሦስት አይከፈልም። የአንዱ መምጣት ወይም መሄድ የድምሩን ባሕርይ ከሥሩ ይለውጠዋል። «75 ሺህ ገደማ» ስለተባለው ግን ጎዶሎ ነው ወይስ ሙሉ ብሎ መጠየቅ እንኳ አይቻልም።

እርግጥ ነው፣ ባሕርዩ የቁጥሩ እንጂ የሰው አይደለም የሚል ተከራካሪ ይነሣል፤ እውነቱንም ነው። ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ በመጣ ጆንያ ውስጥ 75,219 የቡና ፍሬ ብንቆጥር ያው 3 እና ያው 25,073 ይወጣል። ሂሳብ የሰውን ክብር አያረጋግጥልንም። «አንድ ቢጎድል ምን ይለወጣል?» የሚለውን ሰበብ ግን ይነጥቀናል፤ ለእኔ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የቀረውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

በወለጋ ወላጆች ለአንድ ልጅ ኩማ የሚል ስም ያወጣሉ። በኦሮምኛ ሺህ ማለት ነው። እናቱ ወደ ደጅ ወጥታ «ኩማ!» ብላ ስትጣራ ግን የምትጠብቀው ያንን አንዱን ነው፤ በምትኩ 999 ልጆች ቢመጡላት አትጽናናም።

4ኛው ቆጠራ በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወሰነ። ከዚያች የ1999 ግንቦት በኋላ የተወለደ ኩማ በ75,219 ውስጥ የለም።