በጢስ ላይ የተሰቀለ ዘር

ምእመናን ሆይ፤ የነገን ነገር በሕሊና መሣል የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው በዋጉ ዝቋላ (የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበትን የሸዋውን ተራራ ማለቴ አይደለም) ማሽላ አብቃዩ ገበሬ አዝመራው ሳይታጨድ በማሳው እየተመላለሰ፥ ዛላው የከበደውንና ፍሬው የሞላውን ለይቶ እንዴት ለዘር እንደሚመርጥ ልብ ይበል። ያ ዛላ ከምድጃው በላይ ከማገሩ ይንጠለጠላል፤ ነቀዝ እንዳይደፍረውም ጢስ ሲጠጣ ይከርማል። ሰኔ ግም ሲል፥ ጎተራው ተራቁቶ ልጅ እንጀራ ሲል፥ እናት ጥላሸት የለበሰውን ዛላ ቀና ብላ ታያለች፤ አታወርደውም። በዚያ ጥላሸት ውስጥ የኅዳር ማሳ ይታያታልና እጇን ትሰበስባለች። እኔ ተስፋ የምለው እንዲህ እጅ የሚይዘውን ነው፤ እጅ የማይይዘውን ምኞትማ ዲያብሎስም ያለ ዋጋ ያድለዋል።

በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉ ጠቢባንም ከጣሪያው ጀምረው ወደ መሠረቱ የወረዱ ናቸውና፥ በሩና መስኮቱ የሚውልበት ስፍራ አስቀድሞ በልቡናቸው ካልተቀረጸ በቀር መዶሻ ማንሣት ባልተገባቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ የተፈነቀለ ደንጊያ ተመልሶ አይገጠምምና።

ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የዘሩን ዛላ አውርዳ ለልጇ የቆላች እናት ብትኖር ማንም አይኮንናት። ሩቁን ለማየት አንጀት ጥቂት መያዝ አለበት፤ ይህንንም የጠገብን ሰባክያን ቶሎ እንረሳዋለን። ስለዚህ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም የገባው ቃል ኪዳን፥ ይኸውም በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በምግብ እጦት የሚቀነጭርበት ዘመን እንዲያበቃ የታሰበው፥ በሩቅ ቀን ላይ የተጻፈ ቢሆንም የሚመዘነው አስቀድሞ ነው። ሐኪሞች የሰው ቁመናና አእምሮ ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት እንደሚጸና ይናገራሉ። እንግዲያስ በ2022 ዓ.ም. መባቻ ሁለት ዓመት የሚሞላው ሕፃን በእናቱ ማኅፀን የሚያድረው በ2019 ዓ.ም. ነውና፥ ያን ዓመት በዝቋላ ላለችው ነፍሰ ጡር ከማሽላው እንጀራ ጋር ወጡን፥ እንቁላሉንና ወተቱን ማን እንደሚያቀርብላት፥ ውሃ የምትቀዳበትስ ምንጭ ምን ያህል እንደሚርቃት፥ ባልዋም ጎረቤቷም ሹሙም ዛሬውኑ ተቀምጠው ይቍጠሩ።