ባለ አንድ ዓይኑ አባት

ጎንደር ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበረ ይባላል። እጁ የተባረከ ነውና ደብር ሁሉ ይሻማው ነበር፤ የአንዱን መቅደስ ግድግዳ ሳይጨርስ የሌላው አለቃ በቅሎ ልኮ ያስጠራዋል። ቤቱ የሚያድረው በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው።

አንድ ዓመት ለገና ሲመጣ፣ ጋቢውን እንኳ ሳያወርድ፣ ነጭ አፈር በተለቀለቀው የጓዳ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሣለ ነገር አየ። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጁ ሥራ ነው። ጭንቅላቱ ክብ፣ ከክቡ ሥር የበቀሉ ሁለት እግሮች፣ እጁ ጭራሮ። እናቷ ከበሩም ትበልጣለች። ሆዷ ውስጥ ገና ያልተወለደው ሕፃን፣ በብርሌ እንዳለ ጠጅ ወለል ብሎ ይታያል፤ እሱም ሁለት ዓይኑን አፍጥጧል። (ዦርዥ-አንሪ ሉኬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ልጅ የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይሥላል ይላል። የሚናፍቀውንም ብዬ እኔ እጨምራለሁ።) አያቷም ፍየሏም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ጥግ ላይ የቆመው ሰውዬ ብቻ ከክቡ ጠርዝ የተለጠፈች አንድ ዓይን አለችው።

የሰዓሊው ደም ፈላ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ይሁዳና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ስንቱን ኃጥእ በአንድ ዓይን ሲያስቀር የኖረ ሰው፣ በገዛ ጓዳው ከኃጥአን ተቆጠረ። ልጅቱ ያን ሕግ ከየት ታውቀዋለች? እሱ ግን ይህን አላሰበም። «ማነው ይሄን ያስተማራት?» ብሎ ሚስቱን ገላመጣት። እርጥብ ጨርቅ አንስቶ ሊፈገፍገው ሲል እናቱ ከምድጃው ዳር፣

«ተው አንተ ልጅ! መጀመሪያ ጠይቃት» አሉት።

እውነት ለመናገር፣ እኛ ትልልቆቹ በልጅ ሥዕል ላይ የምናነበው ብዙውን ጊዜ የራሳችንን በደል ነው። ጥቁር ከቀባች አዝናለች፣ ቀይ ከቀባች ተቆጥታለች እንላለን፤ እጇ የገባው ከሰል ብቻ ሊሆን ይችላል እኮ።

ሰዓሊው ተንበረከከ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ ማነው?»

«አንተ ነሃ!»

«ሌላው ዓይኔስ ወዴት ሄደ?»

ጥያቄው ገረማት። «በዚያ በኩል ነዋ፣ አባዬ። መንገድ መንገዱን እያየህ ነው።»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ብዙ ቆይቶ ከሰሏን አነሳና አቀበላት።

«በይ እስቲ፣ ወደ አንቺ አዙሪኝ።»

«እኔ እንዴት አዞርሃለሁ? አንተ ዙር እንጂ!»

ለጥምቀት ሲጠብቀው የነበረው ደብር እስከ ግንቦት ጠበቀ። ሕፃኑ ሲወለድ ሰዓሊው ቤት ነበረ። ለፋሲካ ቤቱ እንደገና ሲለቀለቅ፣ ያቺ የጓዳ ጥግ ብቻ ሳትነካ ቀረች።