ደጅ ያላንኳኳ እንግዳ

ሌሊት መንገድ ላይ የደረሰበት ሰው ወዴት ይጠጋል? በኢትዮጵያ ደጋ ለብዙ ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ብቻ ነበር። መንገደኛው ጢስ ወደሚታይበት መንደር ያቀናል፤ ውሻ እየጮኸበት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይመልስለታል። ገብቶ እግሩን ይታጠባል፤ ከቤቱ የተገኘውን ይቀምሳል፤ ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ሲነጋም መርቆ ይሄዳል። ገንዘብ አይጠየቅም፤ እርሱም እከፍላለሁ ቢል ነውር ነው። የሚሸከመው ዕዳ ግን አለ፤ ይኸውም ነገ በእርሱ ደጅ ለሚቆመው ለሌላው መንገደኛ በሩን መክፈት ነው።

ዛሬ ለዚሁ ጥያቄ ሁለተኛ መልስ ተገኝቷል። መንገደኛው ወደ መንደሩ አያቀናም፤ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ያቆምና መቀመጫውን ዘርግቶ ይተኛል። ለዚህም ትልቅ መኪና አያስፈልገውም። ሱዙኪ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1962 ዓ.ም. ለሽያጭ ያወጣት የመጀመሪያዋ ጂምኒ ርዝመቷ ሦስት ሜትር የማይሞላ፣ ወርዷ 1.3 ሜትር ያህል የሆነ፣ 359 ሲሲ ሞተር የተገጠመላት የመስክ መኪና ነበረች። በ2010 ዓ.ም. የወጣችው አራተኛዋ ዓይነት እንኳ ትርፍ ጎማዋ ሳይቆጠር ርዝመቷ ከ3.5 ሜትር አይበልጥም። ይሁንና የፊት መቀመጫዎቿ የራስ መደገፊያቸው ተነቅሎ ወደ ኋላ ሲዘረጉ ከኋለኛው መቀመጫ ጋር ይገጥማሉ። ጓዙ በአንዱ ጎን ይከመራል፤ ሰውየው በሌላው ጎን ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ ይጋደማል።

በዚህች ጠባብ ሥፍራ ማደር የራሱ ሙያ አለው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ካልቆመች ራስ ወደ ዳገቱ፣ እግር ወደ ቁልቁለቱ ይሆናል፤ ከጎማዋም ሥር ድንጋይ ይደረጋል። መስተዋቱ በጣት ስፋት ክፍት መሆን አለበት፤ አለዚያ የተኛው ሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ጤዛ ሆኖ ሲነጋጋ በላዩ ይንጠባጠባል። ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠና ሞተሩን አስነሥቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ከጢስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ በመሆኑ ሰውን ከእንቅልፉ ሳያነቃ ይገድላል።

እንግዲህ ይህን ሙያ የተማረ ሰው የማንንም ደጅ ሳያንኳኳ ማደር ይችላል። ጥያቄው የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው፤ የማንም ባለዕዳ ሳይሆኑ ማደር ነጻነት ነው ወይስ ጉድለት?

ነጻነት ነው የሚለው ወገን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። እንግዳ ተቀባይነት ሲወደስ ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው በበላው ሰው አፍ ነው። ያበላችው ግን ማን ናት? ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የዋለችው የቤት እመቤት ናት። ከደከማት በኋላ እንደገና እሳት የምታነደው፣ ለልጆቿ ያኖረችውን እንጀራ ለማታውቀው ሰው የምታቀርበው እርሷ ናት። ፊቷ ይፈካል፤ የሌማቷን መጉደል ግን የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት። ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላል። ከዚህ አንጻር ስንቁንና መኝታውን ይዞ የሚጓዝ ሰው በድኻው ጎጆ ላይ ሸክም አልጨምርም ቢል ክፉ አላሰበም። የቀድሞው መንገደኛም ቢሆን ደጅ ያንኳኳ የነበረው ከሌላው ይልቅ ትሑት ስለሆነ አይደለም፤ ጅብና ውርጭ ስላስገደዱት ነው።

ጉድለት ነው የሚለው ወገን ደግሞ ሰው ለሰው መድኃኒቱ መሆኑን ያስታውሳል። እንግዳ በልቶ ብቻ አይሄድም፤ የሩቁን አገር ወሬ፣ የገበያውን ዋጋ፣ የዝናቡን ሁኔታ አውርቶ ይሄዳል። ባለቤቱም ሲሰጥ ይቀበላል። የማንንም እጅ ሳያይ መኖርን የለመደ ሰው በሌላው እጅ ያለውን ችግር ማየትም ይሳነዋል፤ መቀበልን የማያውቅ መስጠትም ይከብደዋል ይላል።

ሁለቱ ወገኖች ይከራከሩ እንጂ አንዱን ነገር ሳይመረምሩ በጋራ ተቀብለውታል። ይኸውም በመኪናው የሚያድር ሰው የማንም እንግዳ አይደለም የሚለው አሳብ ነው። ይህ እውነት ነውን?

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ የመንዝን ጓሳ ያቋርጣል። ሥፍራው ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ የሆነ ደጋ ነው። አንድ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ መሽቶበት ትንሿን መኪናውን በሣሩ ዳር አቆመ እንበል። በዙሪያው አጥር የለም፤ ቤትም አይታይም። የማንም ባልሆነ ምድር ላይ ብቻዬን አድራለሁ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ያ ሜዳ ባለቤት ያጣ ምድር አይደለም። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ እንዲያገግም ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ በተዘጋበት ጊዜ ገብቶ ያጨደ ወይም ከብት ያሰማራ ይቀጣ ነበር። ያ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። ስለዚህ መንገደኛው ጎማውን ያሳረፈበት ሣር፣ ጎሕ ሲቀድ በመስተዋቱ አሻግሮ የሚያየው የጭላዳ መንጋ፣ ሌሎች ሰዎች ራሳቸውን ከልክለው ያቆዩለት ነው።

በዚያም ላይ መብራቷን አጥፍታ የቆመች መኪና ከመንደሩ ዐይን አትሰወርም። ከብቱን ሲመልስ ያያት እረኛ ለአባቱ ይነግራል። የመጣው ሌባ ይሁን የታመመ ሰው ያላወቀው አባወራ ባናውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ከጎኑ አድርጎ ጆሮውን ወደ ሜዳው ይጥላል። መንገደኛው ያንቀላፋል፤ ስለ እርሱ ግን የነቃ ሰው አለ። እንግዲያውስ እርሱም እንግዳ ነው። ከቀድሞው መንገደኛ የሚለየው ደጅ አለማንኳኳቱ ብቻ ነው። ዕዳው አልቀረለትም፤ የቀረው ባለዕዳ መሆኑን ማወቁ ነው።

የዚያች መኪና አገር የሆነችው ጃፓንም ይህንኑ በመራራ መንገድ ተምራዋለች። በጃፓን ለሽርሽር ወጥቶ በመኪና ውስጥ ማደር የተለመደ ነው። ሚያዝያ 6 እና 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ግን በኩማሞቶ ክፍለ ሀገር ሁለት ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጦች በመድረሳቸው እጅግ ብዙ ሰዎች ቤታቸው እንዳይደረመስባቸው ፈርተው በመኪናቸው ውስጥ ለማደር ተገደዱ። ከእነርሱም መካከል የሕፃን ልጃቸው ልቅሶ ወይም የውሻቸው ጩኸት በመጠለያው ያሉትን ሰዎች እንዳያውክ ብለው ከመኪናቸው የቀሩ ነበሩ። ለሰው ሸክም አንሁን ማለታቸው ነበር። ይሁን እንጂ በጠባብ መቀመጫ ላይ እግር ሳይንቀሳቀስ ለብዙ ሰዓት ሲቆይ ደም በእግር ደም ሥር ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሲሄድም ሕይወት ያጠፋል። በዚህ የታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። ያን ጊዜ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች እግርን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ እያደሉ፣ ውሃ እንዲጠጡና ወርደው እንዲራመዱ እየመከሩ በሰዎቹ መካከል ይዘዋወሩ ጀመር። ደጅ ላለማንኳኳት የተጠነቀቀውን ሰው ለማዳን ሌላው ሰው የእርሱን መስተዋት ማንኳኳት ነበረበት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መኪናን ትቶ ወደ ጎጆ መግባት ግዴታ ነው የሚል አይደለም። ሸክም አለመሆንና አለመታወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለባለቤቱ ማዘን ነው፤ ሁለተኛው ግን ባለቤቱን እንደሌለ መቁጠር ነው። መንገደኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅርብ ወደሆነው ደጅ ሄዶ «እንደምን አመሻችሁ? መንገደኛ ነኝ፤ ብትፈቅዱልኝ ከዚያ ማዶ ከመኪናዬ ውስጥ ላድር ነው» ቢል ከሌማታቸው አንድ ቁራሽ አይጎድልም። የቤቱ እመቤት ሌላ እሳት አታነድም፤ አባወራውም ዱላውን ሰቅሎ ይተኛል። «ቤት እያለ እንዴት ከሜዳ ይታደራል? ይግቡ እንጂ!» ቢሉት ደግሞ እሺ ማለትም ሆነ አመስግኖ መመለስ የእርሱ ፈንታ ነው። ያም ቢሆን ይህም ቢሆን መተዋወቅ ተፈጽሟል።

ቀድሞ ጅብና ውርጭ ያስገድዱት የነበረውን ሰላምታ ዛሬ የሚያዘው ኅሊና ብቻ ነው፤ ስለዚህም ክብሩ ከቀድሞው ይበልጣል። የመኪናዋ በር ከውስጥ ቢቆለፍ ነውር የለውም። ከመቆለፉ በፊት ግን ባለመኪናው አንድ ጊዜ ወርዶ፣ በምድራቸው ያረፈባቸውን ሰዎች «ደኅና እደሩ» ሊላቸው ይገባዋል።