ዛሬ ምንም አልዘነበም

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ከተማ አምስት ሰው የገደለ ጎርፍ ወረደ። በከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ ከ350 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፣ እዚያው ከተማ ሌላው ዳር የወረደው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ቦሌ ፀሐይ እየሞቀ ፒያሳ ላይ ዶፍ ሲወርድ ላየ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄ አይገርምም።

በዓመቱ የአየር ንብረት ተመራማሪው ኖላን ዶስከን ከሌሎች ጋር ሆነው ኮኮራስ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች መረብ ጀመሩ። እያንዳንዱ ሰው ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ዝናብ መለኪያ ይተክላል፤ ጠዋት አይቶ ቁጥሩን ይልካል። እኔን የያዘኝ ግን ለአባላቱ ደጋግመው የሚነግሯቸው ነገር ነው፦ ሳይዘንብም ላኩ። ዜሮ ብላችሁ ላኩ።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ ዜሮና «ነል» የምንለው ባዶ ቦታ አንድ አይደሉም። ዜሮ «አይቻለሁ፣ የለም» ማለት ነው፤ ነል «ማንም አልነገረኝም»። ዝናቡ የት ላይ እንዳቆመ የሚታወቀው ደረቅ ያደሩት ሲናገሩ ነው። የረጠቡት ብቻ ካወሩ ካርታው አገሩን ሁሉ ያረጥበዋል።

ታዲያ ምንም ያልደረሰበት ሰው የመናገር ግዴታ አለበት? «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተን ላደግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። የምትሰጠው «ምንም» ስለሆነ አመሰግናለሁ የሚልህም የለም። እኔ ግን ግዴታ ነው እላለሁ። ጎረቤትህ ላይ የወረደው የት ድረስ እንደሆነ የሚታወቀው ባንተም ደረቅ ግቢ ነው።

«ለምን ሴንሰር ተክለን አንገላገልም?» ትሉ ይሆናል። በሙያዬ መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ነገር ግን ቅጠል የደፈነው አውቶማቲክ መለኪያ ዶፍ እየወረደ ዜሮ ይልካል፤ ለሱ ባዶነትና መደፈን አንድ ናቸው። ሰውም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ከአልጋው ሳይወርድ ዜሮ ብሎ ቢልክና እውነትም ባይዘንብ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሰውዬው ግን ዋሽቷል። «አላየሁም» ማለት ሲገባው «የለም» ብሏልና።

እንግዲህ ለጎረቤት ያለብን ዕዳ ወጥቶ ማየት ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛም በየቀኑ «እኛ ሰፈር ሰላም ነው» እንላለን። እንዲያ ከማለታችን በፊት በሩን ከፍተን አይተናል ወይ?