ተመልካቹስ ከጥፋቱ ነፃ ነውን?

ካሜራ ይዞ ወደ ሰው አገር የሚሄድ፣ በዚያም ሰውን እያስቆጣና እያዋረደ ድርጊቱን በዚያው ቅጽበት በቀጥታ ለዓለም የሚያሠራጭ ሰው በስልካችን ማየት ከጀመርን ሰነባብተናል። እንዲህ ያለው ሰው ተይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «የእጁን አገኘ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ለመሆኑ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን?

«ጆኒ ሶማሊ» በሚል ስም የሚታወቀውን አሜሪካዊ እንመልከት። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2023 በጃፓን ባቡር ውስጥ ስለ ሂሮሺማና ናጋሳኪ እልቂት እያነሣ በተሳፋሪዎች ላይ ሲያላግጥ ታየ። በዚያው አገር አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ሥራ በማወኩ በ2024 ሁለት መቶ ሺህ የን ተቀጣ። ከቅጣቱ ግን አልተማረም። በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ ኮሪያ ተሻግሮ በሴኡል የሚገኘውን የሰላም ሐውልት እየሳመ ቀለደበት። ሐውልቱ የጃፓን ጦር ለወሲባዊ ባርነት የዳረጋቸውን ሴቶች የሚያስታውስ ነው። አንዲት ልጃገረድ ባዶ እግርዋን፣ እጆችዋን ጨብጣ ተቀምጣለች፤ አጠገብዋም ባዶ ወንበር አለ። እንግዳው በዚያ ወንበር ተቀምጦ «ይህች ልጅ ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። በኋላ ቁጣው ሲበረታ «ትርጉሙን አላወቅሁም ነበር» ሲል ይቅርታ ጠየቀ። ከአገር እንዳይወጣ ታግዶ፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ በፈጠረው ሁከት ተከሶ፣ በ2025 በሴኡል ፍርድ ቤት ቆመ።

አባቶቻችን ከአገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ ቢጭኑትም ቢለጉሙትም ይችላል ይሉ ነበር። ይህ ትዕግሥት በከፊል ከፍርሃት የመጣ ነው። ገንዘብና ጠንካራ ፓስፖርት ያለው የዛሬ መንገደኛ ግን የሚፈራው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ሌላውን ማክበር ከፍርሃት ሳይሆን ከኅሊና መነሣት አለበት።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። «እኛ አየን እንጂ አላደረግንም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የቀጥታ ሥርጭት እንደ ሲኒማ አይደለም። ተመልካቹ በዚያው ሰዓት ገንዘብ ይልካል፣ «እንዲህ አድርግ» ብሎ ይጽፋል፤ ሠሪው ያነበዋል፣ ያደርገዋልም። በሠፈራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ዳር ቆሞ «በለው! በለው!» የሚለውን ሰው ምን እንለዋለን? ያልተማታ ስለሆነ ንጹሕ ነው እንላለንን?

በእርግጥ ሁሉም ተመልካች እኩል አይደለም። ገንዘብ የላከ፣ የሳቀ፣ ተናዶ ያየ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ይለያያል። ሆኖም የተመልካች ቁጥር ሲደመር በንዴት ያየውም በደስታ ያየውም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሠሪውም የሚኖረው በዚህ ቁጥር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው በኮሪያ መንገድ ላይ ሲመታ የሚያሳየው ምስልም በብዙ ደስታ ታይቷል። ትናንት ሌሎች ሲዋረዱ የሳቀው ተመልካች፣ ዛሬ አዋራጁ ሲዋረድ ይስቃል። ሁለተኛውን ሳቅ «ፍትሕ» ብሎ ቢጠራውም የሳቁ ምንጭ ያው የሰው ውርደት ነው። ፍትሕስ በፍርድ ቤት እንጂ በቡጢ አይገኝም።

ሕግ ሠሪውን ይይዛል፤ ተመልካቹን ግን አያገኘውም። እርሱን ሊያገኘው የሚችል የገዛ ኅሊናው ብቻ ነው። በእኛም ከተማ ሰዎች በቲክቶክ ሲሰዳደቡ ስጦታ የሚልክ ወጣት አለና ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ስልካችንን ስንከፍት ይህን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ እዚህ የሚዋረደው ሰው ወንድሜ ወይም እናቴ ብትሆን ኖሮ እመለከት ነበርን? መልሳችን «አይሆንም» ከሆነ ጣታችን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።