ሞተሯን ማን ይክፈታት?

ልጄ፣ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያዋን ገዝተህ አዊ፣ ጥርባ ድረስ እንዳመጣሃት እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል፤ ሰግቻለሁም። የሰጋሁት ስላረጀች አይደለም። ደህና እጅ ከያዛት ጁሊያ ገና ብዙ ዘመን ትኖራለች። የሚያሳስበኝ ሞተሯን መጀመሪያ የሚከፍተው ሰው ነው። አንዴ ባልሆነ እጅ ከተከፈተች፣ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን ግማሽ ጊዜው የሚያልቀው የፊተኛውን ጥፋት በመፈለግ ነው። ስለዚህ አሁን፣ ቁልፍ ሳይነካት፣ ስማኝ።

እኛ አካባቢ የሚመላለሰው አይሱዙው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ ነው። የመካኒኮቻችንም እጅ የተፍታታው በእነሱ ነው፤ በዚያ ሥራ አይታሙም። የአንተዋ ጁሊያ ሱፐር ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። 1600 ትባል እንጂ ልኳ 1570 ሲሲ ነው። ብሎኳም ከላይ የሚደፋበት ቴስታታዋም አልሙኒየም ነው። ሁለት ካምሻፍት ከላይ በሰንሰለት ይዞራሉ። በጎን የተጋደሙት ሁለት ካርቡሬተሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ጉሮሮ አላቸው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ለየራሳቸው አንዳንድ ጉሮሮ ደረሳቸው ማለት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣልያን ፖሊስ ወንጀለኛ ያሳድድባት የነበረችው መኪና ይቺው ናት። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ ይለጠጣል፤ ውሃ ካለቀበት ይጣመማል፤ ብሎን በክንድ ጉልበት ካጠበቁበት ጥርሱ ተላጦ ይቀራል። የናፍጣ ሞተር ችሎ የሚያሳልፈውን ድፍረት ይህ ሞተር አይችለውም።

በአገራችን መካኒክ የሚወደሰው በጆሮው ነው። «ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይነግርሃል» ይባልለታል። ጥሩ ጆሮ ያለውን ሰው እኔም አከብራለሁ። አንተ ግን እምነትህን የምትጥለው በሚለካው ሰው ላይ ይሁን። ፊለር ጌጅ ያለው፣ ቶርክ ሬንች ያለው፣ ያገኘውን ቁጥር በወረቀት የሚጽፍ ሰው ፈልግ። ጋራዡ ትንሽ ቢሆን፣ ቆርቆሮው ቢያፈስ፣ አትናቅ። መሣሪያውን ማታ ማታ ጠርጎ በቦታው የሚመልስ ሰው ከሆነ ከትልቁ ግቢ ይሻልሃል።

እንዴት እንደምትለየው ልንገርህ። መኪናዋን አቁመህለት «ኃይል ቀንሷል፣ ቤንዚን ትበላለች» በለው፤ ሌላ አትጨምር። ወዲያው «ሞተር ይውረድ» ካለህ አመስግነህ ተመለስ። ደህናው ሰው መጀመሪያ ይጠይቅሃል፦ ብርድ ላይ ነው ወይስ ስትሞቅ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ጭሱ ምን ይመስላል? ከዚያ አራቱን ካንዴላ ፈትቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በየተራቸው ይደረድራቸዋል። አንተም አብረህ ጎንበስ ብለህ እይ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። በዘይት ከረጠበ ዘይት ከታች ወይም ከላይ እየገባ ነው። ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶት እየተቃጠለ ነው። አራቱ አንድ ዓይነት ካልሆኑ፣ የትኛው ከየትኛው ጉሮሮ እንደሚጠጣ ካርቡሬተሮቹን ተከትሎ ማወቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ የሚያውቅ መሆኑን አጣራ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋብሪካዋ የነበረባት ሚላኖ ግን ዝቅ ያለች ሜዳ ናት። ለዚያ አገር የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ ስለሚሆን ሞተሯ ትታፈናለች፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቷም ይወርዳል። ይህን ያልተረዳ ሰው የፒስተን ፋሻ ቀይር፣ ቫልቭ ቀይር እያለ ገንዘብህን ይጨርሳል። የተረዳው ቤንዚን የምትለካዋን ትንሽ ቀዳዳ አንድ ደረጃ ጠበብ ባለች ይቀይርና ልዩነቱን አብሮህ ነድቶ ያሳይሃል።

ሌላው የከፍታችን ጉዳይ ውሃ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ነው የሚያድናት። ክዳኑ ከላላ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርደህ ዓባይን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ ቴስታታዋን ታጣምማለህ። ብዙ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ጋ መኪናህን አታሳድር። ቴርሞስታት የሌላት ሞተር በእንጅባራ ብርድ ሙቀቷን ሳታገኝ ትውላለች፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ፋሻውም ያለ ዕድሜው ያልቃል። ክዳኑን የሚፈትሽ፣ ራዲያተሩን የሚያጥብ፣ ቴርሞስታቱን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መከፈቱን የሚያይ ሰው ግን ሥራውን ያውቃል።

ከዚያ ኮምፕረሽን ይለካል። አራቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደግሞ ይለካዋል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያረጀው ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ጥፋቱ ከቫልቩ ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው። ይህ ሁሉ ሞተር ሳይከፈት፣ በአንድ ረፋድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለዚህ ምርመራ የጠየቀህን ሳትከራከር ክፈለው፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምህ ገንዘብ እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለችኝ። «የቫልቩን ክፍተት በምን ታስተካክላለህ?» በለው። «በካቻቢቴና በቁልፍ» ካለህ የሚያስበው ስለ ሌላ ሞተር ነው። በአንተ ሞተር የሚዞር ብሎን የለም። ቫልቩ ጫፍ ላይ፣ ከኩባያ መሳዩ ብረት ሥር፣ ከሳንቲም የምታንስ የብረት ንጣፍ ተቀምጣለች፤ ውፍረቷ በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው የሚቆጠረው። እሷን ለመቀየር ካምሻፍቱ ይነሳል። አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይህን ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ከካርቶን ክዳን ላይ ስምንት ቀዳዳ በምላጭ ቀዶ፣ በአንድ ጫፍ «ፊት» ብሎ ጽፎበት ነበር። እያንዳንዷን ንጣፍ ሲያወጣ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በማይክሮሜትር ለክቶ፣ ቁጥሩን ከቀዳዳዋ አጠገብ ጽፎ ያስቀምጣታል። ረዳቱ ካርቶኑን ሊያነሳለት እጁን ሲዘረጋ «ተው፣ እኔ ነኝ የማነሳው» አለው፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። የካርቡሬተሮቹን ጉሮሮ አንድ ብሎን እንኳ እንዳይወድቅባቸው በጨርቅ ጠቅጥቋቸዋል። አንተም የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ስሙ ባይታወቅም ግድ የለም።

«ይህን ሞተር ከፍቼ አላውቅም፤ መጽሐፉን ካመጣህልኝ ግን አነባለሁ» የሚልህ ወጣት እንጅባራ ወይም ዳንግላ ውስጥ ብታገኝ፣ «አልፋ ለእኔ ምንም አይደለም» ከሚለው ይልቅ እሱን ያዝ። አለማወቁን የሚናገር ሰው ሲበላሽበትም አይደብቅህም። የጥገና መጽሐፉን አሳትመህ፣ የብሎኖቹን ልክና የማጥበቂያውን ቅደም ተከተል አስምረህ ስጠው። ካምሻፍትና ቴስታታ መዳሰስ የሚከብደው ከሆነ ደግሞ ባሕር ዳር ውረድ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ የወጡ፣ በማይክሮሜትር መለካትን በወጣትነታቸው የተማሩ አንጋፋዎችን ጠይቅ። አዲስ አበባም የተግባረ ዕድ ልጆች አሉ። ወደ እነዚህ ሰዎች መንገዱ የሚቀርበው በቶርኖ ቤቶች በኩል ነው። ቶርኖ ሠሪ የየትኛው መካኒክ ሥራ ተበላሽቶ እንደሚመለስ፣ የማን እንደማይመለስ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ደላላ የማይነግርህን እሱ ይነግርሃል።

መጀመሪያ ትንሽ ሥራ ስጥ። ዘይት ቀይር፣ ፑንቲናና ካንዴላ አስተካክል በለው። አዊ ውስጥ ያደግህ ልጅ ነህና ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሜዳ ላይ የሚጋልበው ሰው ፈረሱን ሳይዳስስ ኮርቻ እንደማይጭን አይተሃል፤ መካኒክህም መኪናዋን እንዲሁ ቀስ ብሎ ይላመዳት። በዚህች ትንሽ ሥራ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ሳትጠይቀው ከመለሰልህ፣ የገዛበትን ደረሰኝ ካሳየህ፣ በቀጠሮው ባይደርስ እንኳ ቀድሞ ከደወለልህ፣ ትልቁን ሥራ ልትሰጠው ትችላለህ።

መለዋወጫ ስትፈልግ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይልኩሃል። ለቶዮታ ጥሩ ነው። ለጁሊያ ግን እዚያ የምታገኘው ወይ ከሌላ መኪና የወለቀ ነው፣ ወይ «ይገጥማል» የተባለ ነው። ጓርኒሲዮን፣ ፑንቲና፣ የካርቡሬተር ጎማና ማኅተም ቀላል ዕቃዎች ናቸው፤ ጣልያንና ጀርመን ውስጥ ዛሬም እየተሠሩ ይሸጣሉ። ውጭ ያለ ዘመድህ በሻንጣ ሊያመጣልህ ይችላል። የምታዘውን ከመካኒኩ ጋር ተቀምጣችሁ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አመሳክራችሁ እዘዙ።

አንዱ ብልጥ ደግሞ መጥቶ «ይህን ጣጣ አውጥተን የቶዮታ ሞተር እንግጠምላት» ይልሃል። አትስማው። የሞተሯ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሲቀየር ከትራንስፖርት ቢሮ ጋር ያለው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚያ በላይ ግን ያ ሞተር ከወጣ መኪናዋ አልፋ መሆኗ ያበቃል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የወጣት መካኒኮች ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው። ካርቡሬተር የሚያውቅ እጅ እያነሰ ይሄዳል ብዬ አስባለሁ። ያለውን ሰው አሁን፣ ጉልበቱ ሳይደክም፣ አክብረህ ያዝ።

አክብረህ ያዝ ስል ከአንተም የሚጠበቅ አለ ማለቴ ነው። ለመስቀል ወይም ለሠርግ አድርስልኝ ብለህ አታጣድፈው። በእጁ ዋጋ አትከራከር፤ በዕቃው ዋጋ ግን ደረሰኝ ጠይቅ። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት፣ ማን ዕቃ እንደሚገዛ ሁለታችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ገንዘቡን በሦስት ከፍለህ ስጥ፦ ሲጀምር፣ ሞተሩ ሲገጠም፣ ነድተህ ስትመለስ። ከጎኑ ሆነህ ብታይ አይከፋውም፤ እየነካካህ «ይህስ ምንድን ነው?» እያልክ ሥራ ማስፈታት ግን ነውር ነው። ለረዳቱም ምሳ አትርሳለት፤ ነገ መካኒክ የሚሆነው እሱ ነው።

ተሠርታ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሳትጫናት ንዳት። ከጥርባ ዳንግላ ደርሰህ ተመለስ፤ ዘይቷ ሳይሞቅ አታስጩኻት። ቴስታታው ዳግም የሚጠብቅበትን፣ የቫልቩም ክፍተት የሚለካበትን ቀን ገና መኪናዋን ስትረከብ ከመካኒኩ ጋር ተቃጠር። ክፍተቱ የሚለካው በቀዘቀዘ ሞተር ነውና በዋዜማው ማታ ወስደህ እሱ ጋ አሳድራት።